የነሐሴ ጎርፍ የወሰደብንን ክትር ከክረምቱ በፊት እንመልሰው፦ የድጋፍ ጥሪ ለደብራችን ኮረብታ ወዳጆች

በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሳችሁ። ይህን የምጽፈው የደብራችንን ኮረብታ በሚያለማው ኮሚቴ ስም ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ መምህርነት ነው። ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን መሆኑን እናውቃለን። «አሁንም?» የሚል ቢኖር አንቀየመውም። ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱን።

የነሐሴ 14 ሌሊትን ነገር ብዙዎቻችሁ በስልክ ሰምታችኋል። ዝናቡ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ዘበኛችን ደወለልኝ። ድምፁ በቅጡ አይሰማም፤ የሚሰማው ውኃ ነው። «ትልቁ ክትር ሄደ» አለኝ። ሲነጋ ወጣን። አራት ዓመት የለፋንበት የጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ክትር በግራ በኩል ተገንጥሏል። ሽቦው እንደተተረተረ ሹራብ ተንጠልጥሏል። የችግኝ ጣቢያው ቆርቆሮ ታች ማሳ ውስጥ ተጣጥፎ ተኝቷል። ለመጪው ክረምት ያቆየናቸው 2,300 የወይራና የጥድ ችግኞች ከነከረጢታቸው ተጠርገዋል።

አንዲት እናታችን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ ከረጢት ይለቅማሉ። አንዱን አንስተው አፈሩን በጣታቸው ገለጥ ያደርጋሉ። «ይቺ ሥር አላት፤ ይቺ ትተርፋለች» ይላሉ። እስከ ማታ 214 ችግኝ አተረፉ። ዛሬ እነዚያ 214 ችግኞች በደጀ ሰላሙ ጥግ ጥላ ተሠርቶላቸው ቆመዋል። ያለን እነሱ ናቸው።

ኮረብታው ከስድስት ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር ለእናንተ መንገር አይገባም። ልጅ ሆነን ከብት ያገድንበት ነው። ድንጋዩ አግጥጦ፣ ቦረቦሩ የመቃብሩን አጥር ሊበላ ሁለት ክንድ ቀርቶት ነበር። ዛፍ ያለው በቅጥሩ ውስጥ ብቻ ነበር። የአገራችን ነገር እንዲህ ነው። በሰሜኑ ክፍል የጥንቱ ደን ተጠግቶ የተረፈው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። አባቶቻችን ቆርጠው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዘር የምንለቅምበት እናት ዛፍ እንኳ አይኖረንም ነበር።

ዛሬ ከጎርፉ በኋላም ቢሆን ወጥታችሁ እዩ። ከብት እንዳይገባበት በክልከላ የያዝነው የላይኛው ክፍል ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ጅግራና ቆቅ ተመልሷል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሚዳቋ ታይታለች። ሁለት ልጆች እየሮጡ መጥተው «ፍየል ጠፍታ ገብታለች» ብለው ነበር የነገሩን። ኅዳር ላይ ትደርቅ የነበረችው ምንጭ አምና እስከ ሚያዝያ ወረደች። ይህን በገንዘብ ብቻ አላመጣነውም። ሰው ሁሉ የእጁን ሙያ ይዞ ስለመጣ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው «እኔ የዛፍና የአውሬ ነገር አላውቅም፤ ብር ልላክና ይብቃኝ» ይላል። ብሩን ላኩ፤ እግዜር ይስጥልን። ግን የማያስፈልግ ሙያ እስካሁን አላየንም። የሰፈራችን ብረት በያጅ የችግኝ ጣቢያውን በርና የውኃ ሮቶውን ማስቀመጫ በነፃ ሠራ። ልብስ ሰፊዋ እህታችን ከማዳበሪያ ከረጢት የድንጋይ መሸከሚያ ሰፋች፤ ሁለት ሰው በእጀታው ይዞት ይሄዳል፣ ትከሻ አይልጥም። የባንክ ሠራተኛ የሆነው ልጃችን በየወሩ መዝገቡን ይመረምራል። የሕግ ባለሙያው የክልከላውን ቦታ ወሰንና የይዞታ ወረቀት አስጨረሰልን። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ መሬቱ ዛሬ በእጃችን አይሆንም ነበር። ባለ ባጃጆቹ በቅዳሜ ቅዳሜ ችግኝ ያመላልሳሉ፤ የነዳጅ እንኳ አልጠየቁንም።

የወይራ ነገር ደግሞ የእናቶቻችን ሙያ ነው። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ እንዲሁ ብትዘሩት ወራት ይተኛል። በስሱ መሰንጠቅ አለበት። ጠንከር ካደረጋችሁት ውስጡ ይደቃል። እናቶቻችን ቡና ከሚወቅጡበት ሙቀጫ ጎን ተቀምጠው፣ አንድ በአንድ፣ በትንሽ ጠጠር «ጠቅ» እያደረጉ ይሰነጥቁታል። የግብርና ባለሙያው ቆሞ አይቶ «ከኔ ትበልጣላችሁ» ብሏቸዋል።

በእንስሳት ሕክምና የተመረቀው ልጃችን የሠራውን ብዙዎች አላወቁለትም። የሰፈሩን ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከተበ። «የውሻ ክትባት ከደን ጋር ምን አገናኘው?» ያላችሁ ነበራችሁ። ከሰሜንና ከባሌ ተራሮች ተማሩ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፤ ያውም በኢትዮጵያ ብቻ። ከሚጨርሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች መንጋ መንጋውን ረፍርፏል። ስለዚህ እዚያ ውሻ የሚከትብ ሰው የዱር እንስሳ እየጠበቀ ነው። ይኸው ልጅ ደግሞ ለባለቤት አልባ ውሾች የተመረዘ ሥጋ ይጣል የሚለውን ሐሳብ ተቃውሞ አስቀርቶልናል። መርዝ የበላ ውሻ ሲሞት ጥንብ አንሳ ይበላዋል፤ ጥንብ አንሳውም ይሞታል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ይበሰብሳል። ይህን ቁጭ ብሎ ለሽማግሌዎቹ ሲያስረዳ ሁሉም ዝም ብለው ሰሙት።

የ2011ቱን የሰሜን ተራሮች ቃጠሎም አስታውሱ። ከደባርቅና ከየቀበሌው አርሶ አደሩ፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጡ። አብራሪው ዋልያ አይጠብቅም፤ ሥራው ማብረር ነው። ያን ቀን ግን ዋልያ ጠበቀ። የሰሜን ተራሮች ፓርክን በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገብቶት ነበር። የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ማለት ነው። እኛ በስድስት ዓመታችን ደከመን እንላለን። ደክሞናልም፤ አልደብቅም።

አሁን ወደሚያነጋግረው ነገር ልግባ። «ብሩ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ደርሶናል። መጠየቃችሁ ልክ ነው። በስድስት ዓመት 918,300 ብር ተሰብስቧል። ከፍተኛው ወጪ የዘበኞች ደመወዝ ነው፤ 341,000 ብር። «ለዘበኛ ይሄ ሁሉ?» ተብሏል። የመጀመሪያውን ዓመት አትርሱ። 4,000 ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ወደ ቤታችን ገባን። በዓመቱ ስንቆጥር 1,150 ነበር የተረፈው። ፍየል በላው፣ ከብት ረገጠው። ዘበኛ ከቀጠርን ወዲህ ከምንተክለው ከግማሽ በላይ ይጸድቃል። ደግሞም ዘበኛው ሰውን አያባርርም። ከብት ያላቸው ጎረቤቶቻችን በተራ ገብተው ሣሩን አጭደው እንዲወስዱ የሚያደርገው እሱ ነው። ያ ባይሆን ጎረቤት ጠላት ይሆንብን ነበር። ስለ ወጪው ይቅርታ አንጠይቅም፤ አሁንም እንደግመዋለን።

ይቅርታ የምንጠይቅበት ሌላ አለ። ክትሩ የወደቀው ጎርፉ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ሲነጋ ግንበኛው ጋሼ ወርደው አዩትና «ውኃ ፊት ለፊት አይጣላም፤ ዳር ፈልጎ ይዞራል» አሉ። የክትሩን ጫፍና ጫፍ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ በበቂ አላስገባነውም ነበር። መሃሉንም ከዳሩ ዝቅ አላደረግነውም። ስለዚህ ውኃው ሲሞላ በመሃል ከመፍሰስ ይልቅ በግራ በኩል አፈሩን በልቶ ዞረ። እሳቸው ያኔም ተናግረው ነበር። ብር ለመቆጠብ ብለን አልሰማናቸውም። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። አዲሱን ግን ከመሠረቱ ጀምሮ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ትከሻው ከሁለቱም ወገን አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። መሃሉ ዝቅ ይላል። ውኃው የሚወድቅበት ሥር ድንጋይ ይነጠፋል።

የሚያስፈልገው 486,000 ብር ነው። ለ40 የጋቢዮን ሽቦ 260,000። ለችግኝ ጣቢያው ጣሪያና እንጨት 74,000። ለዘበኛ የአንድ ዓመት ደመወዝ 72,000። ለድንጋይ ማጓጓዣ 42,000። ለከረጢት፣ ለዘርና ለፍግ 38,000። መስከረም ላይ የጀመርነው ማሰባሰብ 131,400 ብር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከኅዳር ወዲህ የገባ የለም። የጎደለን 354,600 ብር ነው። ኑሮው ለሁሉም እንደከበደ እናውቃለን። ቢሆንም ጊዜው አይጠብቀንም። ክትር የሚሠራው በበጋ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ካልጨረስን ግንቦት ላይ ደመና ይመጣብናል። የወይራና የጥድ ዘርም አሁን ካልተዘራ ለሐምሌ አይደርስም። ይህ ቦረቦር ክፍቱን አንድ ክረምት ካደረ የመቃብሩን አጥር ይዞ ይሄዳል። አፈሩ የሚሄደው ወደ አንገረብ ነው። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው፤ ጎንደር ደግሞ ውኃ በፈረቃ ማግኘት ምን እንደሆነ ታውቃለች። የከተማው ሰው የቤቱ ቧንቧ ሲደርቅ ይማረራል፤ የእኛ ኮረብታ አፈር እዚያ ግድብ ውስጥ እንዳለ ግን ማን ያስባል?

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። ካህናቶቻችን ይህን በየሰንበቱ ያስተምሩናል። ከመስጊዱ ሰፈር የመጡት አባታችንም በመጀመሪያው ተከላ ቀን «ከተከልከው ዛፍ ወፍ እንኳ ቢበላ ሰደቃ ይጻፍልሃል» ብለውን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቻቸው ከእኛ ልጆች ጋር ድንጋይ ተሸክመዋል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳናት ከግቢዋ የወጣ ንብ ነው ብለው ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ንብ የሚቀመጥበት ዛፍ እዚያ ነበራ! የእኛም ቀፎዎች አሁን አምስት ደርሰዋል፤ ጎርፉ አልነካቸውም።

አከፋፈሉን በጥንቃቄ አንብቡልኝ። ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የኮሚቴው ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ በደጀ ሰላሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማኅተም አርፎበት ተለጥፏል። እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ባለፈው ጥሪያችን አንድ ያልታወቀ ሰው ቁጥሩን ቀይሮ በቴሌግራም አሰራጨው፤ ሁለት እህቶቻችን ተጭበረበሩ። ስለዚህ ውጭ ያላችሁ የምታውቁትን የኮሚቴ አባል በድምፅ ደውላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። በጽሑፍ ብቻ የደረሳችሁን ቁጥር አትመኑ። በማንም የግል ሒሳብ አትላኩ፤ በእኔም ቢሆን። ከላካችሁ በኋላ የባንኩን ማረጋገጫ ለሒሳብ ሹሙ አሳዩ፤ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። በሳምንት ውስጥ ደረሰኝ ካልደረሳችሁ ደውሉና ውቀሱን።

ጥምቀት ደርሷል። ለበዓሉ ወደ ጎንደር የምትመጡ ብዙ ናችሁ። የቀሃ ወንዝን ውኃ በፋሲል መዋኛ ካያችሁ በኋላ አንድ ጠዋት ለኮረብታው ስጡን። ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የትከሻው ቁፋሮ ይጀመራል። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ። የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ፤ የልብስ ሰፊዋ መሸከሚያዎች አሉ። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል፤ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። የዕለቱን ብር የምትሰጡ ለሒሳብ ሹሙ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትወርዱ።