ኩርባ ገጽ ለምትስሉ አባላት

ሰላም ውድ አባላት፣

በማሽን ዕቃ ድሮዊንግ ላይ ኩርባ ገጽ ስትስሉ በየነጥቡ ፕላስ ማይነስ መደርደር ይቅር። የገጽ ፕሮፋይል ቶለራንስ (ገጹ ሊያርፍበት የሚፈቀደው ክልል ስፋት) ተጠቀሙ፤ ምልክቱ ከታች የተዘጋ ግማሽ ክብ ነው። 0.4 ሚሜ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሌላ ምልክት እስካልጨመራችሁ ድረስ፣ ከትክክለኛው ቅርጽ 0.2 ወደ ውጭ፣ 0.2 ወደ ውስጥ ማለት ነው። በየጎኑ 0.4 አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም፤ እዚህ ላይ አደራ!

ዳተም (ልኬት የሚነሳበት ማጣቀሻ ገጽ) ካልጠቀሳችሁ ገጹ ቢያጋድልም ኢንስፔክሽን ያልፋል። የተርባይን ብሌድ ቅርጹ አምሮ ከሥሩ አንጻር ከተጣመመ ምን ዋጋ አለው? ሥሩን ዳተም አድርጉት። የቴስታታ (የሞተር ሲሊንደር ክዳን) ፊት ግን ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) በደንብ እንዲይዝ የሚፈልገው ጠፍጣፋነት ነው። የጠፍጣፋነት ቶለራንስ ደግሞ ዳተም አይጠራም።

የተጠራጠራችሁት ድሮዊንግ ካለ ማሽን ሾፕ ሳይገባ እዚህ ላኩት፤ አብረን እናየዋለን።