የአያቴ ፔርሙዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምንኖረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አጠገብ ነው። ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከደባርቅ ሰው ታሞ ይመጣል። አያቴ የምታስበው ለአስታማሚው ነው። «በሽተኛውንማ ሐኪም ያየዋል» ትላለች። ጠዋት አጥሚት በፔርሙዝ፣ እንጀራ በሽሮ ቋጥራ ትወጣለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገቱ ላይ ሦስቴ ታርፋለች። ልያዝልሽ ስላት «ሂድ፣ ትምህርትህን!» ትለኛለች።

አምና አንዲት የቋራ እናት ቤታችን አሥራ አንድ ቀን ሰነበተች። አያቴ አልጋዋን ለቃላት መሬት ተኛች። እውነቱን ለመናገር እኔ ተናድጄ ነበር።

ለጥምቀት ያቺ ሴት ተመልሳ መጣች። ልጇ ድኖ፣ በእግሩ እየሄደ። አንድ ጣሳ ማርም ይዛለች። አያቴ ማሩን መርቃ ተቀበለች፤ በማግስቱ ለአስታማሚዎች አከፋፈለችው። እኔ የደረሰኝ አንድ ማንኪያ ነው።

የልጅ ልጇ፣ ከጎንደር