ታሪኩን «ትምህርቱ ይሄ ነው» ብለን ከመዝጋታችን በፊት

ሰላም ወዳጆች፣

ለቀጣዩ ውይይት አጭር ልቦለዱን ስታነቡ አንድ አደራ አለኝ። «ትምህርቱ ይሄ ነው» ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ። ጭብጥና ምክር ለየቅል ናቸው። ጭብጡ ታሪኩ የሚያብሰለስለው ጉዳይ ነው። ምክሩን ግን ብዙ ጊዜ የምንጨምረው እኛ አንባቢዎቹ ነን። አንዲት እናት ለልጇ የመጣውን ደብዳቤ ሳትሰጠው ብታቃጥል፣ አንዱ ክህደት ይለዋል፤ ሌላው ከጉዳት ልታድነው ነው ይላል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ግን ከጽሑፉ አሳዩን። እጇ ተንቀጠቀጠ? መጀመሪያ አነበበችው? ወይስ ሳትከፍተው እሳት ውስጥ ጣለችው?

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሸርሊ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1948 «ሎተሪው» የተሰኘውን አጭር ልቦለዷን ስታሳትም፣ ትርጉሙን የሚጠይቁ የአንባቢዎች ደብዳቤዎች ጎርፈው ነበር። ስለዚህ ግራ ቢገባችሁ አትፈሩ። ግራ ያጋባችሁን ዓረፍተ ነገር አስምራችሁበት ኑ፤ ውይይቱን ከእሱ እንጀምራለን።