በጋዜጣ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝ ቁልቋል

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ከብዶኛል። የመጨረሻው ደብዳቤሽ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ማብቂያው ላይ «ቁልቋሏስ እንዴት ናት?» ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ የምመልስልሽ ስላጣሁ ዝም አልኩ። ዝምታው በዚያው ቀጠለ። ዛሬ ግን መልስ አለኝ። ቁልቋልሽ አበበች!

የሰጠሽኝ ሁለት ቁራጭ ነበር። አንዱን የዚያኑ ዕለት ተከልኩት። ጥሩ ጥቁር አፈር፣ ፍግ፣ በየማለዳው ውሃ፤ ለሌሎቹ አበቦቼ የማደርገውን ሁሉ አደረግሁለት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከሥሩ ቡናማ ሆነ። ስነካው እጄ ላይ ፈረሰ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። አደራሽን የበላሁ መስሎኝ አፈርኩ።

ሁለተኛው ቁራጭ ከነጋዜጣው መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። ከወር በላይ ቆይቼ ሳገኘው ተጨማዷል፤ ግን አልሞተም። የተቆረጠበት ቦታ ጠግጎ እንደ ቡሽ ደርቋል። በጎኑ ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። አፈር የለ፣ ውሃ የለ! ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የመጀመሪያውን የገደለው ባልጠገገ ቁስሉ የገባው እርጥበት ነበር።

ለዚህኛው ቦታ መረጥኩለት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ውሃ የማይቋጥር ተዳፋት። አፈሩን ከፍ አድርጌ ከመርኩት። ግማሹ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ፍግ ጭራሽ አላስጠጋሁም። ታችኛውን ጫፍ ብቻ ቀበር አድርጌ፣ ሥር እስኪይዝ ውሃ ከለከልኩት። ይህ ለእኔ ከባድ ነበር፤ ማጠጣት እንዴት እንደምወድ ታውቂያለሽ። ከሳምንታት በኋላ ቀስ አድርጌ ሳነቃንቀው አልነቃነቅም አለኝ። ይዟል ማለት ነው። አሁንም የማጠጣው አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው።

ድርቀቱን እንዴት እንደምትችለው ማወቅ ፈልጌ ብዙ አነበብኩ። ብዙዎቹ ዕፅዋት አየር የሚያስገቡበትን ቀዳዳ የሚከፍቱት ቀን ነው፤ ውሃቸውም በዚያው ይተናል። እሷ ግን ቀን ትዘጋና ሌሊት፣ ቀዝቀዝ ሲል ትከፍታለች። የሳበችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ ታስቀምጠዋለች። ሲነጋ ቀዳዳዋን ዘግታ በፀሐዩ ምግቧን ትሠራበታለች። ደግሞ ቅጠል የምንለው ነገር ቅጠል አይደለም፤ ውሃ የሚያጠራቅም ጠፍጣፋ ግንድ ነው። ቅጠል መሆን የነበረበት እሾህ ሆኗል።

ሳይንሳዊ ስሟ ኦፑንቲያ ፖሊያካንታ ነው። ፖሊያካንታ «ባለ ብዙ እሾህ» ማለት ነው። አገሯ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ደረቁም ብርዱም የሚበረታበት ሜዳ። ሽቅብ አታድግም፤ መሬት ይዛ ወደ ጎን ትሄዳለች። የእኔዋ ቁመቷ ከ20 ሴንቲ ሜትር አላለፈም። መሬት የነካው ግንዷ ሁሉ እዚያው ሥር ይሰድዳል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ውሃዋን ቀንሳ ትጨማደድና ትተኛለች። መጀመሪያ ሳየው አለቀላት ብዬ አዝኜ ነበር። ለካስ ውርጩ እንዳይጎዳት ነው። ሙቀት ሲመለስ ቀና አለች።

አበባዋን ብታዪው! ቢጫ ነው፤ የአበባው ቅጠሎች እንደ ሐር ያበራሉ። አንዱ አበባ ከአንድ ቀን እምብዛም አይዘልቅም፤ በማግስቱ ሌላው እምቡጥ ይተካዋል። መሐል ያሉትን ክሮች በጣትሽ ጫፍ ስትነኪያቸው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ንብ ስትገባም እንዲሁ ያደርጋሉ። ያን ዕለት ጠዋት ሥራዬን ትቼ እሱን ሳይ አረፈድኩ። አንቺ አጠገቤ ብትሆኚ ብዬ ተመኘሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ቁራጭ ልኬልሻለሁ። ከቆረጥኩት አሥር ቀን ሆኖታል፤ ቁስሉ ጠግጓል። መንገድ ላይ ቢዘገይም አትስጊ። ጋዜጣውን ስትፈቺ ግን በእጅሽ አትንኪው፤ በጉጠት ያዢው። ረጅሙ እሾህ ስለሚታይ ትጠነቀቂዋለሽ። ክፉው ከሥሩ በጥቅል የበቀለው፣ ጸጉር የመሰለው ደቃቁ ነው። ጫፉ መንጠቆ አለው፤ ጓንትም ያልፋል። ከወጋሽ አትሺው። ፕላስተር ለጥፈሽ ንቀዪው፤ የቀረውን በወረንጦ ልቀሚው። አረም ከመሐሏ መንቀል ጭንቅ ስለሆነ ከመትከልሽ በፊት መሬቱን አጽጂው፤ ዙሪያዋንም ጠጠር አልብሺው።

አንዳንዴ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ይለጠፍባታል። ሻጋታ መስሎኝ በእንጨት ስፍቀው እንደ ደም ቀይ ፈሳሽ ወጣ። ኮችኒል የሚባል ነፍሳት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ቀይ ቀለም የሚሠራበት። በኃይለኛ ውሃ አጥቢው፤ ከዚያ አፈሩ ደህና አድርጎ ይድረቅ።

ግቢሽ ፀሐይ የሚያገኘው በየት በኩል ነው? ልጆች የሚሮጡበት አጠገብ እንዳትተክያት። ደርሶሽ እንደሆነ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ። የአንቺንም ወሬ ሁሉ ንገሪኝ፤ በጣም ናፍቀሽኛል።

ያንቺው ጓደኛ