የተሰበረውን መነጽር ማን ይክፈል? የቅዳሜ ስብሰባ

ውድ የ4ኛ "ለ" ወላጆች፣

የልጆቻችን ዕቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲበላሽ ማን እንደሚከፍል ለመወሰን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ።

መነሻው በእረፍት ሰዓት በኳስ የተሰበረው መነጽር ነው። ፍሬሙ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ሌንስ ተሰንጥቋል። ልጅቷ ያለ እሱ ሰሌዳው አይታያትም። የእሷን ጉዳይ ሳንቆርጥ እንዳንበተን አደራ።

ትምህርት ቤቱ "እናንተው ተነጋገሩ" ብሏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2124 ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባትን ተጠያቂ ያደርጋል። ቁጥር 2125 ግን ልጁ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር ሳለ ኃላፊነቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያዞረዋል። ስለዚህ ኳሱን የመታውን ልጅ ቤተሰብ ብቻ ማስከፈል ልክ አይመስለኝም። ሆን ተብሎ የተሰበረ ዕቃ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም እናንሳው።

በምዝገባ ጊዜ የፈረማችሁትን ውል ይዛችሁ ኑ። ዕቃ የተበላሸባችሁ ደግሞ ደረሰኝና ፎቶ ያዙ። ርእሰ መምህሩም ተጋብዘዋል።

እባካችሁ የልጆቹን ስም ግሩፑ ላይ አትጻፉ፤ ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው።

እስከ ሐሙስ ማታ "እመጣለሁ" ወይም "አልችልም" ብላችሁ መልሱልኝ። የማትችሉ ሐሳባችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስብሰባው ላይ አነበዋለሁ።