የለስላሳ ክበባችን ዓመት

መጀመሪያ ያጣላን ስሙ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የመጠጥ ክበብ፣ ተመዝገቡ» ብለን ለጠፍን። በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝና «መምህር፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ መጠጥ ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። «የለስላሳ ክበብ» ብለን ቀየርነው። ተመዝጋቢው ግማሽ በግማሽ ቀነሰ፤ እሱም አንድ ነገር ይናገራል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በሎሚ አለቀ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ስኳሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምረው ያማስላሉ፣ ያማስላሉ፣ ስኳሩ ታች ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ስለዚህ ሽሮፕ መሥራት ለመድን። አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ስኳሩ እስኪሟሟና ውሃው ጥርት እስኪል እሳት ላይ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ። በቃ። ማቀዝቀዝ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ ትኩሱን ሽሮፕ በቀጥታ ብርጭቆ ጆግ ውስጥ የገለበጠ ቡድን ነበረን፣ ጆጉ ለሁለት ተሰነጠቀ።

የከረረው ክርክር ግን የጣፋጭነቱ ነበር። አንዱን ሎሚ ጭማቂ ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ፍሪጅ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሲቀምሱ ፍሪጅ የገባው ብዙም አይጣፍጥም፣ ጠረጴዛ ላይ የቀረው ግን ስኳሩ አፍ ይይዛል። «መምህር ደብቀው ስኳር ጨምረዋል» ብለው ድርቅ አሉ። አልጨመርኩም። ምላስ ቅዝቃዜ ላይ ጣፋጭን አሳንሶ ነው የሚሰማው፤ የሞቀ ለስላሳ የሚያንገሸግሸውም ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በክበባችን ማንም ሳያቀዘቅዝ ቀምሶ «ስኳር ጨምሩ» አይልም።

ሎሚውን ከነልጣጩ ፈጭተው ያሳደሩም ነበሩ። ጠዋት ሲቀመስ እሬት! መራራው ያለው ልጣጩ ሥር ባለው ነጭ ሽፋንና በፍሬዎቹ ነው። መዓዛው ከተፈለገ የላይኛውን ቀለም ያለውን ብቻ በስሱ ፍቆ ከስኳር ጋር ማሸት ነው። በመጠኑ የመረረውን ደግሞ በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ጨው ያለዝበዋል። ጭማቂ ላይ ጨው? ብለው ሳቁ፣ ከዚያ ቀመሱ፣ ከዚያ ዝም አሉ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ለወላጆች ቀን አናናስ በወተት ፈጭተን እናቅርብ ያልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ሲሠራ ግሩም ነበር። እንግዶቹ እስኪደርሱ መሮ፣ ተቋጥሮ፣ አይነኬ ሆነ። ጥሬ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌይን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የወተቱን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል። አናናሱ ቀድሞ ከተቀቀለ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ችግር የለም። ካልሆነ ፈጭቶ እዚያው መጠጣት ነው። ያን ቀን ያዳነን የሐባብና የናና ጭማቂ ነው፤ እሱንም የሠሩት ልጆቹ ናቸው፣ እኔን ሳያማክሩ።

ዝንጅብሉን በእርሾ አብላልተን አረፋ እናውጣ ያሉኝን አልፈቀድኩም። እርሾ ስኳሩን ወደ ጋዝ ብቻ ሳይሆን ወደ አልኮልም ይቀይራል፤ ተዘግቶ ሲቀመጥ ደግሞ ጠርሙስ ያፈነዳል። ምክትል ርዕሰ መምህሩን ለሁለተኛ ጊዜ ማስረዳት አልፈለግኩም። ዝንጅብሉን በሽሮፑ አፍልተን አጠለልነው፣ አቀዘቀዝነው፣ መጨረሻ ላይ ጋዝ ያለው ውሃ ቀስ ብለን አፈሰስንበት። ውሃው በጣም መቀዝቀዝ አለበት፤ ሲሞቅ ጋዙ ቶሎ ያመልጣል።

ሻዩን በአንድ መስመር ልጨርሰው፦ ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ አይመርም። በረዶው እየቀለጠ ጭማቂ ያቀጥንብናል ለሚሉ ደግሞ በረዶውን ከራሱ ከጭማቂው ሥሩት፤ ይህ የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሐሳብ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ።

የሎሚ መጭመቂያውን ለእረፍት ወደ ቤት የወሰዳችሁ ደግሞ ትታወቃላችሁ። መልሱ።