አረንጓዴው መብራት የሚቆጥረው ለማን ነው?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

አዲስ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ስፋቱና ስለፈሰሰበት ገንዘብ ትጽፋላችሁ። አሽከርካሪው ስንት ደቂቃ እንደሚተርፈውም ሳትነግሩን አትቀሩም። እግረኛው ለመሻገር ስንት ሰከንድ እንደተሰጠው ግን አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ነው።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። መንገድ ስናቋርጥ ክንዷን ይዤ ነው። ገና መሐል ስንደርስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። እሷ ደግሞ ስትደነግጥ ትቆማለች እንጂ አትፈጥንም። ከፊት የቆሙት መኪኖች ሞተራቸውን ያስጮኻሉ። «ይቅርታ ልጆቼ» ትላለች፣ ማንም በማይሰማበት፤ ጥፋተኛዋ እሷ ትመስል።

ጥፋቱ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። በብዙ አገር የመንገድ መሐንዲሶች የመብራቱን ሰዓት ሲሞሉ፣ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ከሚል ቁጥር ሲነሡ ኖረዋል። መንገዱ 18 ሜትር ቢሰፋ 15 ሰከንድ ይሰጠዋል ማለት ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመድ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ 12 ሜትር ይሄዳል። የቀረው 6 ሜትር ሁለት ረድፍ መኪና የሚያልፍበት ነው። እንዲህ የሚራመዱት ደግሞ አረጋውያን ብቻ አይደሉም። ልጅ የያዘች፣ ሸክም የከበደው፣ እግሩ በጄሶ የታሰረ ጎረምሳም አለ።

ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው መመሪያ ወደ 1.07 ሜትር ግድም ዝቅ አድርጋዋለች። ሲንጋፖር በዚያው ዓመት ሌላ መላ ዘየደች፤ አረጋውያን ካርዳቸውን ምሰሶው ላይ ሲያስነኩ እንደ መንገዱ ስፋት ከ3 እስከ 13 ሰከንድ ይጨመርላቸዋል። 13 ሰከንድ! አሽከርካሪው ሬዲዮ ላይ የሚሰማውን ማስታወቂያ እንኳ በቅጡ አያስጨርሰውም።

«የእግረኛ ድልድይ ይሠራላቸው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድልድዩ ከአስፋልቱ 6 ሜትር ከፍ ቢልና እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን 40 ደረጃ መውጣት፣ 40 ደረጃ መውረድ ነው። መኪናው አንዲት ሰከንድ እንዳይቆም ተብሎ በእግሩ የሚሄደው ሰው ሽቅብ ይላካል። ሞተር ያለው ሜዳውን ይዞ፣ ጉልበት የከዳው ተራራ ይውጣ?

የሚተርፈውን ጊዜም እንቁጠረው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አንዱን ኪሎ ሜትር በ72 ሰከንድ ይጨርሳል፣ በ30 የሚነዳው ደግሞ በ120። ልዩነቱ 48 ሰከንድ ነው። እሱም ቢሆን መንገዱ ጭር ካለ ነው፤ ከተማ ውስጥ የሮጠውም የዘገየውም ቀጣዩ መብራት ላይ ይገናኛሉ። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2021 በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ባላቸው የከተማ መንገዶች ላይ የፍጥነት ወሰኑን 30 ስታደርግ የነጠቀችው ይህችኑ ነው።

ከተሜው ራሱ ችኩል ነው የሚልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ አንድ ጥናት በተለያዩ አገሮች የእግረኞችን ርምጃ ለክቶ፣ የከተማው ሕዝብ ሲበዛ ሰውም ፈጥኖ እንደሚራመድ አሳይቷል። ይሁን። ግን እንዲህ ያለ ልኬት የሚይዘው መንገድ ላይ የተገኘውን ሰው ነው። መሻገሩን ፈርቶ ቤቱ የቀረውን ማን ይለካዋል? እናቴም መሻገሩን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰች መጥታ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ጓደኛዋን በስልክ ብቻ ነው የምታገኛት። በ18 ሜትር ርቀት!

አንድ ነገር እንዳይምታታብኝ። ከተማ ሁሉ ይንቀርፈፍ እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጣሊያን ውስጥ የተመሠረተ የ«ዝግተኛ ከተሞች» ማኅበር አለ፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን አባል የሚያደርገው ነዋሪያቸው ከ50,000 የማይበልጠውን ነው። ከከተማ ዳር ተነሥቶ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ሥራ የሚገባ ሰው ዝግታ ስበኩልኝ አላለም። እሱ የሚፈልገው ለብቻው መስመር ያለው ፈጣን አውቶቡስ ነው፤ ይገባዋልም። ይልቅ የጣሊያኖቹ ሌላ ሥራ ይበልጥ ይማርከኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕጋቸው ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች የሰዓት ዕቅድ እንዲያወጡ ያዛል፤ ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሱቁና ትራንስፖርቱ መቼ እንደሚሠሩ አንድ ላይ ይታያል ማለት ነው። ሐሳቡን ቀድመው ያነሡት ሴቶች ነበሩ። ሥራውንም፣ ልጁንም፣ የታመመውንም በአንድ ቀን የሚያዳርስ ሰው ሰዓት የማን እንደሆነ ቀድሞ ቢገባው አይደንቅም።

የእኔ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ሲመረቅ ጋዜጠኛችሁ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ትንሽ ይቆይ። ምርኩዝ የያዙ አንድ ሰው ሲሻገሩ ቆሞ ሰዓቱን ይያዝ። መብራቱ ሲቀየር የት እንደደረሱ ይመልከትና ከመንገዱ ርዝመትና ስፋት ጎን ያንንም ቁጥር ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ